ቀብራችን ላይ የማይቆመው ገዢ



ዛሬ የምናገረው ንግድን ስለሚመራ ሰው ምግባርና ይህን ምግባር ለልጆቻችን ስለምናስተምርበት መንገድ ነው። ነገሩን ከከብት ገበያችን ልጀምር። በገጠር ገበያችን ገዢው የማያውቀው ሰው በሬ ሲሸጥለት ዋስ አምጣ ይለዋል። ዋሱ የሚናገረው አጭር ነው፤ ከብቱ የሻጩ የራሱ እንደሆነ፣ ነገ «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት ቢመጣ ተጠያቂው እርሱ እንደሆነ ይመሰክራል። ገዢው ብሩን የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ተጻፈም አልተጻፈም ሽያጩን የሚያጸናው የዋሱ ስም ነው። ስሙ የሚታመነው ደግሞ ሰውየው በቀዬው ስለሚታወቅ፣ ነገ ልጁን የሚድርበት ጎረቤት፣ ሲሞት የሚቀብረው ቅሬ ስላለው ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ለቀብር የቆመ ማኅበር ቢሆንም ሥራው በቀብር አያበቃም። የተጣላ ያስታርቃል፤ የተበደለ ያስክሳል፤ ዳኛው ጠርቶት የቀረውን ይቀጣል፤ ቅጣቱን አልቀበልም ያለውን ያስወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚጭርበት ደጅ፣ ሬሳ የሚያነሳለት ወገን ያጣል። ፖሊስ በማይደርስበት ተረተርና ሸለቆ ይህ ቅጣት ከእስር በላይ ሲያስፈራ ኖሯል። እቁቡም እንደዚሁ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው፤ እርሱ መጣል ቢያቆም ዋሱ ይጥልለታል። በእቁብ ብር ስንት ሱቅ እንደተከፈተ፣ ስንት ወፍጮ እንደተተከለ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሐጂው ዳኛ፣ ዲያቆኑ ጸሐፊ የሆነበት እቁብ በወሎ ማንንም አያስገርምም። ጠብ ከርሮ ደም ያፋሰሰ እንደሆነ ነገሩ ወደ አስታራቂዎቹ አባጋሮች ይሄዳል፤ እነርሱም በዱዓና በምርቃት ያበርዱታል።

ይህን የምዘረዝረው የድሮው ዘመን ናፍቆኝ አይደለም። የንግድ ሥነ ምግባር ከውጭ በመጽሐፍ ታሽጎ የመጣ ትምህርት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። መሠረቱ ግን እዚሁ በደጃችን ነው። ሕግ ሳይጻፍለት ተጠያቂነት፣ ኦዲተር ሳይላክለት ግልጽነት ነበረው፤ የእቁብ ሒሳብ በሁሉም ፊት ይቆጠራል፣ በሁሉም ፊት ይዘጋል።

ሆኖም ይህ እምነት ድንበር አለው፤ የምናገረውም ስለዚህ ድንበር ነው። ቅሬው የሚያስከብረው የቅሬውን አባል ነው። እቁቡ የሚጠብቀው የእቁብተኛውን ብር ነው። ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከለጋምቦ አይሱዙ ላይ የተጫነው እህል ግን ደሴና ኮምቦልቻ ይራገፋል፤ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይደርሳል። የሚበላውን ሰው አናውቀውም፤ እርሱም አያውቀንም። ብናታልለው ቅሬ አይከሰንም፤ አባጋር አይጠራንም፤ የበደልነው ሰው ቀብራችን ላይ አይቆምም፤ ስማችንንም አይሰማም።

የንግዳችን ምግባር የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝና ሌላ ባዕድ ነገር፣ ጤፍ ውስጥ አሸዋ ተገኘ ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። ሚዛን ላይ እንዲከብድ ጨው ልሶ ውሃ የተጋተ በግ አይተናል። ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙ ጊዜ ሌባ ተብሎ የታወቀ ሰው አለመሆኑ ያሳስበኛል። ለጎረቤቱ ንጹሑን ቅቤ መርጦ ይሰጣል፣ እቁቡን በሰዓቱ ይጥላል፣ ቅሬው ላይ አይቀርም። «ለሩቅ ሰው» የሚለውን ዕቃ ግን በሌላ እጅ ያዘጋጃል። አንድ ሰው ሁለት ሚዛን ይዟል፤ አንዱ ለሚያውቀው፣ ሌላው ለማያውቀው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በጥናት አሳይተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው የኢትዮጵያ እህል ገበያ ጥናታቸው፣ ነጋዴው ሩቅ አገር ካለ ከማያውቀው ሰው ጋር ለመገበያየት ምን ያህል እንደሚፈራና የእህል በረንዳ ደላላ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ መርምረዋል። ደላላው እህሉን በዓይኑ አይቶ ጥራቱን ይመሰክራል፤ ሁለቱንም ወገን ስለሚያውቅ መካከል ላይ የቆመ ዋስ ነው። ገበያው የሚተማመንበት ክብ ሲጠብ ገበሬው ያነሰ ዋጋ ያገኛል፤ ሸማቹም አብዝቶ ይከፍላል። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህንን ክብ ለማስፋት የታሰበ ነበር። ምርቱ መጋዘን ሲገባ ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ደረጃ የሚያወጣው ባለሙያ ምርቱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመረምራል። ገዢውም እህሉን ሳያይ በደረጃው አምኖ ይገዛል። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ በቡናና በሰሊጥ ላይ ብዙ ሠርቷል። የእኛ ጤፍና ባቄላ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚሄደው በስልክና በደላላ ነው። መጋዘኑም ቢሆን ናሙና የሚወስደው በሰው እጅ ነው፤ ያ እጅ ከተገዛ ደረጃው ብቻውን አያድነንም።

ሕግስ? ሕግ አለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሐሰተኛ ሚዛንና መስፈሪያ የሚጠቀመውን ያስቀጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ባዕድ ነገር መቀላቀልንና ሸቀጥ ማከማቸትን ይከለክላል። ከዚያም በፊት ፍትሐ ነገሥት ሥጋዊ ፍርድን በሚመለከተው ክፍሉ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ አደራ ዕቃና ስለ ሽርክና ደንግጎ ለዘመናት ሲጠቀስ ኖሯል። ነገር ግን ከመካነ ሰላም እስከ አባይ በረሃ ባሉት ገበያዎች ሁሉ በእያንዳንዱ ሚዛን አጠገብ ተቆጣጣሪ ማቆም የሚችል መንግሥት የለም። ሕግ የሚይዘው የተያዘውን ነው።

ታዲያ ለማይታወቀው ገዢ ዋስ የሚሆነው ማን ነው? መንፈሳዊ እሴት ለንግድ የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ስብሰባ መክፈቻ ጸሎት ወይም በሱቅ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ጥቅስ እየተናገርሁ አይደለም። ነቢዩ አሞጽ የተቆጣው መስፈሪያውን ያሳነሱትን፣ ሚዛኑን ያሳሳቱትን፣ የስንዴውን ግርድ ለድኻ የሸጡትን ነጋዴዎች ነው። በዓሉ መቼ አልፎልን እህል በሸጥን ብለው የሚቸኩሉ፣ ማለትም በዓል የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። በቁርኣንም 83ኛው ሱራ የሚጀምረው ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ አጉድለው ለሚሰጡ ሰዎች በማስጠንቀቅ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ ከአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰደው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ሻጩም ዝናብ ነክቶት እንደሆነ ሲነግራቸው ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም እንዳሉት በሐዲስ ተዘግቧል። ሁለቱም ትምህርቶች ስለ እህልና ስለ መስፈሪያ ናቸው። ሁለቱም የሚናገሩት ከክምሩ ሥር ያለውን ማየት ስለማይችል ገዢ ነው። ሁለቱም ለዚያ ገዢ የቆመ ምስክር እንዳለ ያስተምራሉ።

ወሎ ላይ ቄሱም ሸሁም ይህን ያስተምራሉ፤ ሕዝቡም አደራና አማና ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ጎደለ የምለው ሌላ ነው። ኃጢአትን ስንዘረዝር ዝሙቱን፣ ስካሩን፣ ጾም መሻሩን እናስቀድማለን፤ የጎደለ ኪሎ ግን ብልጠት ተብሎ ይታለፋል። ይባስ ብሎ በጎደለ ሚዛን የተገኘ ብር ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም ለመስጊድ ሚናራ ሲሰጥ ሰጪው በማይክሮፎን ይመሰገናል። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስጦታ ሚዛንን አያቀናም። የተበደለው ሸማች ደሴ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ሳለ ካሳው እዚህ ለሕንፃ ቢከፈል ሸማቹ አልተካሰም። የሃይማኖት አባቶቻችን ከትልቅ ስጦታ በፊት ስለ ብሩ አመጣጥ ቢጠይቁ ለገበያው ከብዙ ስብከት የበለጠ ይጠቅሙታል።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። እስካሁን የተናገርሁት ስለሚገዛ ሰው ነው። ብር አጥቶ ገበያ መምጣት የማይችለውስ? የእኛ ክፍለ ሀገር ይህን ጥያቄ በደም የተማረ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ስትራብ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህልም ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ድህነትና ረሃብን በመረመረበት፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ የወሎን ረሃብ ከዋና ዋና ማስረጃዎቹ አንዱ አድርጎ የወሰደው ለዚህ ነው። ገበሬው አዝመራው ሲከዳውና ከብቱ ሲያልቅ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ገበያ የሚሰማው ብር ያለውን ድምፅ ነውና እህሉ ብር ወዳለበት ሄደ። በወቅቱ የነበረው መንግሥት ረሃቡን መሸሸጉ ታላቁ ጥፋት ነው፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ግን ያንን እህል የጫነና ያስጫነ፣ በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው እያየ ያለፈ እያንዳንዱ ነጋዴ ሕግ አልጣሰም። ሕግ ያልከለከለውን ነገር ማድረግ ትክክል ነው ብሎ የሚያስብ የንግድ መሪ ይህን ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ አለበት።

ፈተናው አሁንም ከደጃችን አልራቀም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የንግድ መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጨው፣ ዘይት፣ ነዳጅና መድኃኒት ዋጋቸው በአንድ ሌሊት ይለወጣል። እዚህ ላይ ነጋዴውን ሁሉ በአንድ ላይ መኮነን አልፈልግም። በአደጋ መንገድ ዕቃ ያመጣ፣ መኪናው የታገተበት፣ ሁለት እጥፍ ኪራይ የከፈለ ሰው ዋጋ ቢጨምር ወጪውን እየመለሰ ነው። ትናንት በትናንት ዋጋ የገባለትን ዘይት ደብቆ «አልቋል» የሚለው ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የሚለየው ደረሰኝ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ባለሱቁ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ያውቀዋል። በችግር ጊዜ ለሚያውቃት ድኻ በዱቤ የሰጠ፣ ለአራስ ቤት ዘይት ያስቀረ ነጋዴ በዚህ አካባቢ እንዳለም እመሰክራለሁ። የንግድ መሪነት የሚለካው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

እሴት ወደ ተቋም ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የባንኩን ነገር ተመልከቱ። ወለድ መብላትም ማብላትም በእምነቱ የተከለከለ ሙስሊም ነጋዴ ለብዙ ዘመን ከባንክ ብድር ርቆ ኖሯል። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በነባር ባንኮች ውስጥ እንዲከፈት ፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም ሥራ ጀመረ። እምነት ደንብ ሆኖ፣ ደንቡ ውል ሆኖ፣ ውሉ ሥራ ፈጠረ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ያም ሆኖ ከወለድ ነፃ በሆነ ብር የተገዛ በርበሬ ውስጥም ሸክላ ሊገባ ይችላል። ተቋሙ በሩን ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባውን ሰው ማነጽ የትምህርት ሥራ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ግብረ ገብ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ቦታውን ያዘ፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብን በስሙ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች መልሶታል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመበት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ስለ ሞራልና ስለ ዜግነት ይማራል። የትምህርት እጥረት የለብንም ማለት ነው። ተማሪው ታማኝነት ምን ማለት እንደሆነ በአራት ነጥብ ጽፎ ሙሉ ውጤት ያገኛል፤ ያንኑ መልስ ግን አንዳንዱ የጻፈው ከጓደኛው ገልብጦ ነው። ይህን የምለው ተማሪን ለመክሰስ አይደለም፤ በፈተና ብቻ የሚለካ ምግባር ይህን መውለዱ አይቀርም።

በሠለጠነው ዓለምም ያው ነው። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ 64 ገጽ የሥነ ምግባር ደንብ አሳትሞ ለሠራተኞቹ አድሏል። በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዕዳውን ደብቆ የሐሰት ትርፍ ሲያሳይ መኖሩ ተጋልጦ ከሰረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፣ ብዙዎቹም የጡረታ ቁጠባቸው ባዶ ወረቀት ሆነባቸው። ደንቡ ውብ ነበር። መሪዎቹ ግን ያንን ደንብ ለሚያዩት ሰው እንጂ ለማያዩት ባለአክሲዮን አልኖሩትም።

ስለዚህ ትምህርቱ ከክፍል ወጥቶ ወደ ገበያ ይሂድ እላለሁ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያ ካለው ግቢው ሌላ እዚሁ መካነ ሰላም ግቢ አለው። ሒሳብ አያያዝ የሚማር ልጅ የእቁብና የቅሬ መዝገብ እንዴት እንደሚዘጋ ዳኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይይ፤ መዝገቡ ላይ ጉድለት ቢያገኝም እንዴት በአክብሮት እንደሚናገር ይማር። ማኔጅመንት የሚማረው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ይገኝ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ማዳበሪያ ሲጠፋ አንድ ኩንታል በማን በኩል ለማን ደረሰ የሚለው ጥያቄ የሰው ቤት የሚያፈርስ ጥያቄ ነበር። የማኅበር ሊቀ መንበር ወንድሙ ተራ ቁጥር ሳይጠብቅ ሲመጣ «ተሰለፍ» ለማለት የሚያስፈልገውን አቅም መጽሐፍ ብቻውን አይሰጥም፤ ያንን ያደረገ ሰው ማየት ይሰጣል። የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንም ልጆችን ሚዛን ያስመዝኑ። አንድ ኪሎ ድንጋይ ስንት ግራም እንደጎደለው በእጁ የመዘነ ልጅ የጎደለው ግራም የማን እራት እንደሆነ ለመጠየቅ ይነሳሳል። ምግባር በለጋነቱ ካልተለመደ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፤ በኋላ ልዘርጋህ ቢሉት ይሰነጠቃል።

ለመሪዎች የምናገረው ከሁሉ ያጥራል። የበታች ሠራተኛ የሚማረው አለቃው በስብሰባ ከሚናገረው ሳይሆን ማታ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ከሚያዝዘው ነው። «ይህንን ለሩቅ ጭነው» የሚል ትእዛዝ አንድ ጊዜ ከአለቃው አፍ ከወጣ ልጁ ለዕድሜው የሚበቃ ትምህርት ወሰደ። አለቃው «ይህ እርጥበት ነክቶታል፣ ለገዢው ደውለህ ንገረው» ካለም እንደዚሁ።

የቅሬ ዳኞች እዚህ አላችሁ፤ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ደንባችሁ ሲሻሻል አንድ ነገር ጨምሩበት። ከቅሬው አባላት አንዱ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ ወይም በጎደለ ሚዛን ሸጦ ቢገኝ፣ የተበደለው ሰው የደሴ ይሁን የአዲስ አበባ፣ የጎጃም ይሁን የማንም፣ ነገሩ በቅሬው ፊት ይታይ፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠም የቅሬውን አባል በበደለ ሰው ላይ በሚጣለው ቅጣት ይቀጣ። ቀሳውስትና ሸሆች ይህን በየመድረካችሁ ደግፉት። ለመጀመር በጀትም ፈቃድም አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባችሁ አንሡት።